71 ነጥብ ማለፊያ አይደለም፦ በአዲስ አበባ ስላገኘሁት የኤክስፕረስ ኢንትሪ የማማከር አገልግሎት

በጥር 2017 ዓ.ም. ቦሌ አካባቢ ቢሮ ካለው አንድ አማካሪ ድርጅት ጋር ውል ተፈራረምን። የውሉ ዓላማ እኔና ባለቤቴ ካናዳ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ባዘጋጀችውና ኤክስፕረስ ኢንትሪ በተባለው የነጥብ ሥርዓት በኩል ለቋሚ ነዋሪነት እንድናመለክት ነበር። ዋጋው 85,000 ብር ሲሆን፣ ግማሹን በፊርማው ዕለት፣ ቀሪውን ደግሞ ፕሮፋይላችን ሲከፈት ከፍለናል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ከዚያ ወዲህ ያነጋገርኳቸው የሥራ ባልደረቦቼ በሌሎች ቢሮዎችም ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማቸው ስለነገሩኝ፣ ለአንባቢ የሚጠቅመው የአንድ ቢሮ ስም ሳይሆን አገልግሎቱ ምን መያዝ እንዳለበት ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚሁ ጋር በኋላ የተጠቀምኩባቸውን ሁለት ሌሎች አገልግሎቶች፣ ማለትም የካናዳ መንግሥት በነጻ የሚያቀርበውን የነጥብ ማስያና ፈቃድ ካለው አማካሪ ጋር ያደረግሁትን የአንድ ሰዓት ምክክር፣ አብሬ እመዝናለሁ።

ነጥብ የሚሰላው በሰው ማንነት ላይ ስለሆነ የእኛን ሁኔታ አስቀድሜ ልግለጽ። እኔ በዚያን ጊዜ 34 ዓመቴ ነበር፤ በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ፣ እንዲሁም ከስምንት ዓመት በላይ የሥራ ልምድ አለኝ። ባለቤቴ የ29 ዓመት ነርስ ስትሆን የመጀመሪያ ዲግሪ አላት። ልጅ የለንም። ወደ ቢሮው የሄድኩት አይልትስ ጄኔራል የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ወስጄ በማዳመጥ 7.5፣ በንባብ 7፣ በጽሑፍ 6፣ በንግግር 7 አምጥቼ፣ የትምህርት ማስረጃዬንም አስገምግሜ ነበር።

የቢሮው አቀባበል ጥሩ ነው። ቀጠሮ ይከበራል፤ ሰነድ የሚቀበለው ሠራተኛ ትሑት ነው፤ እያንዳንዱ ወረቀት በግልጽ ስካን ተደርጎ በቅደም ተከተል ይቀመጣል። በተለይ ሰነዶቻችንን የያዘችው ወጣት ሠራተኛ በፓስፖርቴና በዲግሪዬ ላይ የአያቴ ስም በተለያየ ፊደል መጻፉን አይታ አስቀድማ ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ይሁን እንጂ ሰነድ ማደራጀት አንድ ነገር ነው፤ የማለፍ ዕድልን ማሻሻል ደግሞ ሌላ ነው። እኔ የከፈልኩት ለሁለተኛው ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ችግር የተፈጠረው በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ መረጃዬን በወረቀት ላይ ደምሮ «እርስዎ እኮ አልፈዋል፤ ማለፊያው 67 ነው፣ እርስዎ 71 አለዎት» አለኝ። ደስታዬ ትንሽ አልነበረም። ስሌቱም በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ለሁለተኛ ዲግሪ 23፣ ለእንግሊዝኛ 21፣ ለሥራ ልምድ 15፣ ለዕድሜ 12 ተደምሮ 71 ይመጣል። ስሕተቱ ያለው «አልፈዋል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ካናዳ ሁለት የተለያዩ የነጥብ ሰንጠረዦችን ትጠቀማለች። ከ100 የሚታሰበውና 67 የሚጠይቀው ሰንጠረዥ በፌደራል የሠለጠነ ባለሙያ ፕሮግራም በኩል ወደ አመልካቾች ገንዳ መግባት ትችል እንደሆነ ብቻ ይወስናል። ገንዳው ውስጥ ከገባህ በኋላ ከሌሎች አመልካቾች ጋር የምትወዳደረው ሲአርኤስ በተባለውና ከ1,200 በሚታሰበው ሌላ ሰንጠረዥ ነው። ለቋሚ ነዋሪነት እንዲያመለክቱ ግብዣ የሚላከው በዚህ በሁለተኛው ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው ነው። በ71 ነጥቤ የተከፈተልኝ በር እውነተኛ በር ነው፤ ነገር ግን ከበሩ በስተጀርባ ያለውን ረጅም ሰልፍ ማንም አላሳየኝም።

እውነተኛውን የሲአርኤስ ነጥቤን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ይህም የሆነው የፕሮፋይሉን የይለፍ ቃል ቢሮው ለብቻው ይዞት ስለነበረ ነው። ደጋግሜ ጠይቄ በግንቦት ወር ሲሰጠኝ፣ ገጹ ላይ የተጻፈው 362 ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሁሉም ፕሮግራሞች ክፍት በነበሩት የግብዣ ዙሮች ዝቅተኛው ነጥብ ከ520 በላይ ነበር። «አልፈዋል» የተባልኩት ሰው ከዚያ መስመር ከ150 ነጥብ በላይ ርቄ ቆሜ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ አራት ወራት ለፈተና መዘጋጀት፣ የባለቤቴን ማስረጃ ማስገምገም እችል ነበር፤ ስለማላውቀው ግን ተቀምጬ ግብዣ ጠበቅሁ።

የባሰው ነገር 362ቱ ራሱ ትክክል አለመሆኑ ነው። 15ቱ ነጥብ የተሰጠኝ «ካናዳ የሚኖር ወንድም አለው» ተብሎ ስለተሞላልኝ ነበር። ቢሮው ውስጥ ካናዳ ዘመድ እንዳለኝ ስጠየቅ «ካልጋሪ ወንድሜ አለ» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ አብሮኝ ያደገውን የአጎቴን ልጅ ወንድሜ ብዬ መጥራቴ በእኛ ዘንድ ሐሰት አይደለም። በቅጹ ግን ወንድም ወይም እኅት የሚባለው ቢያንስ በአንድ ወላጅ የሚገናኝ ነው። የአጎት ልጅ በሲአርኤስም ሆነ በ67ቱ ሰንጠረዥ ምንም ነጥብ የለውም። አጎት ወይም አክስት ራሳቸው ካናዳ ቢኖሩ እንኳ 5 ነጥብ የሚያስገኙት በ67ቱ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ጠይቆ ማጣራት የአማካሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ምክንያቱም በካናዳ ሕግ የተሳሳተ መረጃ ያቀረበ አመልካች ለአምስት ዓመት ማመልከት ሊከለከል ይችላል፤ ቅጹን የሞላው ሌላ ሰው ቢሆንም ተጠያቂው ስሙ ያለበት ሰው ነው። በዚያ ነጥብ ግብዣ ቢመጣልኝ ኖሮ ምን ይደርስብኝ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስሕተት በሥራ ታሪኬ ላይ ነበር። መሥሪያ ቤቴ የጻፈልኝ ደብዳቤ ከሐምሌ 2008 ጀምሮ መሥራቴን ይገልጻል። ቢሮው ቁጥሩን ሳይለውጥ እንዳለ አስገባው፤ ስለዚህ በካናዳ መንግሥት ፊት በ18 ዓመቴ የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ተገኘሁ። ሐምሌ 2008 በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 2016 ነው። የውጭ አገር ሥራ ልምድ በሲአርኤስ የሚቆጠረው እስከ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሚል ጣሪያ ስለሆነ ነጥቡ ባይለወጥም፣ ከዲግሪዬ የምረቃ ዓመት ጋር ፈጽሞ የማይጣጣም ታሪክ ሆኖ ነበር። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አመልካች ሁሉ በፕሮፋይሉ ላይ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ራሱ እንዲቆጥራቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ቦታ ነውና። በአገራችን የተለመደው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ብቻ ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪውን የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ርዝመትና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ነው። ካናዳ ግን ከዚህ በላይ ትፈልጋለች፦ ዋና ዋና ተግባራት፣ የሳምንት የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ የድርጅቱ አድራሻና የኃላፊው ፊርማ መኖር አለባቸው። ማመልከቻውን የሚመረምረው የካናዳ ባለሥልጣን የሚያነጻጽረው የመደቡን ስም ሳይሆን የተግባራቱን ዝርዝር ከካናዳ የሙያ ምደባ ጋር ነው፤ የእኔ ሙያ በዚያ ምደባ ቁጥር 11100 ሲሆን የባለቤቴ 31301 ነው። ቢሮው ያዘጋጀልኝ ረቂቅ የምደባውን ጽሑፍ ቃል በቃል የገለበጠ ስለነበር የሰው ኃይል ኃላፊያችን «ይህ አንተ የምትሠራው አይደለም» ብለው ሳይፈርሙበት መለሱልኝ፤ ልክም ነበሩ። በኋላ በየቀኑ የምሠራውን በራሴ ቃላት ጽፌ፣ የባንክ ማስታረቁን፣ የግብር ማሳወቁን፣ የውስጥ ኦዲት መልስ ማዘጋጀቱን በዝርዝር አስቀምጬ ስወስድላቸው ያለ ችግር ፈርመውልኛል። መሥሪያ ቤታቸው ከተለመደው ቅጽ አልወጣም ላላቸው ደግሞ የቅርብ አለቃ የጻፈው ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ ሊቀርብ ይችላል።

በሚያዝያ ወር ሥራ አስኪያጁ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ ተጨማሪ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ብር ብከፍል ከአንድ የካናዳ ድርጅት የሥራ ቅጥር ደብዳቤ እንደሚያስመጣልኝና ነጥቤ እንደሚጨምር ነገረኝ። እ.ኤ.አ. ከማርች 25 ቀን 2025፣ ማለትም ከመጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ካናዳ ለሥራ ቅጥር ደብዳቤ ትሰጥ የነበረውን የሲአርኤስ ነጥብ ሙሉ በሙሉ አንሥታለች። ነጥቡ የተነሣበት አንዱ ምክንያት ደብዳቤው በገንዘብ መሸጡ እንደነበረም መንግሥታቸው በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ የቀረበልኝ ነገር ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ዋጋ ቢስ ነበር። ሰውየው ለውጡን ሳይሰማ ቀርቶ ይሁን ሰምቶ፣ በእኔ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ነው።

በሰኔ ወር ካልጋሪ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ፈቃድ ያላት አማካሪ ፈልጎ ለአንድ ሰዓት የቪዲዮ ምክክር 200 የካናዳ ዶላር ከፈለልኝ። በካናዳ ሕግ በገንዘብ ተከፍሎት አመልካችን መወከል ወይም ማማከር የሚችለው የሕግ ባለሙያ፣ የኩቤክ ኖታሪ ወይም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ሥራ የጀመረው የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ አባል ብቻ ነው። የኮሌጁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የአማካሪውን ስምና የፈቃድ ቁጥር አስገብቶ ማየት ይቻላል። እኔ ቦሌ ላለው ቢሮ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ይህን አላደረግሁም። ኋላ ስጠይቅ ያሳዩኝ የንግድ ፈቃድ ነው፤ የንግድ ፈቃድ ደግሞ ለካናዳ መንግሥት ምንም አይደለም።

የአማካሪዋ አሠራር ከቢሮው በብዙ ይለያል። ከስብሰባው ሦስት ቀን አስቀድማ ሰነዶቼን እንድልክላት ጠየቀች፤ ስንገናኝ ሁሉንም አንብባ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ «ወንድምህ ከማን ተወለደ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ስሕተቱን በዚያው ቀን ፕሮፋይሉ ላይ እንዳርመው አደረገች፤ ነጥቤም 347 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነጥብ የት እንደተቀመጠ ሰንጠረዡን ከፍታ አሳየችኝ። ለእኔ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ክፍል ስለሆነ እንደተረዳሁት በዝርዝር አቀርበዋለሁ።

ነጥቤ ዝቅ ያለው በዋነኛነት በሁለት የፈተና ክፍሎች ምክንያት ነበር። ካናዳ የአይልትስን ውጤት ሲኤልቢ ወደሚባል የራሷ መለኪያ ትቀይረዋለች። ሲኤልቢ 9 ለማግኘት በማዳመጥ 8፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በንግግር ደግሞ 7 ያስፈልጋል። በአራቱም 9 የደረሰ ሰው ለቋንቋው ራሱ ከሚያገኘው በተጨማሪ፣ ቋንቋው ከትምህርቱና ከሥራ ልምዱ ጋር እየተጣመረ ሌላ ነጥብ ይወልድለታል። በአንዱ ክፍል እንኳ ከጎደለ ግን ጥምሩ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ በንባብና በንግግር 9 ደርሻለሁ፤ በማዳመጥ ግማሽ፣ በጽሑፍ አንድ የአይልትስ ነጥብ ጎድሎኛል። ያ ጉድለት ከቋንቋው 20፣ ከጥምሩ 50፣ በድምሩ 70 የሲአርኤስ ነጥብ ያሳጣኛል። ሥራ አስኪያጁ ውጤቴን አይቶ «በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እውነት ነው፣ ለሥራ ጥሩ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ግን በስምንትና በዘጠኝ መካከል ያለው ርቀት ከሌላው ሁሉ ይሰፋል። ሌላ ዲግሪ ለመጨመር ሁለት ዓመት ከሚማር ሰው ይልቅ፣ ደካማ ክፍሉን ለይቶ ሦስት ወር ተለማምዶ ደግሞ የሚፈተን ሰው የበለጠ ያተርፋል።

ሁለተኛው የባለቤቴ ድርሻ ነው። ቢሮው ፕሮፋይሉን ሲሞላ ስሟንና የልደት ቀኗን ብቻ አስገብቶ አልፏል። እሷ ከሁለት ዓመት በፊት ለነጻ የትምህርት ዕድል ብላ የተፈተነችውን የአይልትስ ውጤት ስናቀርብ «ይበቃል» ተብለን ነበር። ያ ፈተና አካዳሚክ የሚባለው ሲሆን፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚቀበለው ጄኔራሉን ብቻ ነው፤ ውጤቱም ከሁለት ዓመት በላይ ሊቆይ አይገባም። የትምህርት ማስረጃዋም አልተገመገመም። ዲግሪዋ ቢገመገም 8፣ ጄኔራሉን ወስዳ በአራቱም ሲኤልቢ 7 ወይም 8 ብታመጣ 12 ነጥብ ለእኔ ፕሮፋይል ትጨምራለች። አማካሪዋ በዚህ ብቻ አላቆመችም፤ ባለቤቴ በራሷ ስም ዋና አመልካች ሆና ሁለተኛ ፕሮፋይል መክፈት እንደምትችልና ባልና ሚስት ሁለቱም ገንዳው ውስጥ መቆየታቸው የተፈቀደ መሆኑን ነገረችን። ቢሮው የጠየቀው «ባልየው ማነው?» የሚለውን እንጂ «ማን ቢያመለክት ይሻላል?» የሚለውን አልነበረም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለተመረጡ የሙያ ምድቦች ለብቻቸው ግብዣ ስለምትልክ፣ ለነርሶች የጤና ምድብ አለ፤ ለሒሳብ ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ የራሱ ምድብ የለም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ይህ ማንም የማያሻሽለው፣ ነገር ግን መዘግየት የሚያበላሸው ነገር ነው። ያገባ ሰው እስከ 29 ዓመቱ 100 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ በየልደቱ 5 ነጥብ ይቀነሳል። እኔ በሐምሌ 35 ስሞላ ከ75 ወደ 70 ወረድኩ። በቢሮው እጅ በዝምታ ያለፉት ወራት ሊጠቀሱ የሚገባቸው በዚህ ምክንያትም ነው።

ስለ ትምህርት ማስረጃ ግምገማ አንድ ነገር እዚህ ልጨምር፤ ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ብዙ ተንከራታለች። ገምጋሚው ድርጅት እኛ እጅ ያለውን ስቱደንት ኮፒ አይቀበልም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን ጨርሶ ሳይከፍል ኦፊሻል ማስረጃ አያገኝም። ዕዳውን ከፍሎ፣ ክሊራንስ ይዞ፣ ወደ ተማረበት ከተማ ሬጅስትራር ተመላልሶ ይህን ለማስጨረስ የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ግምገማው አምስት ዓመት ስለሚያገለግል፣ ገና ለማመልከት ያልወሰነ ሰው እንኳ ቢጀምረው አይጎዳም። አማካሪ ቢሮ ለደንበኛው በመጀመሪያው ቀን ሊነግረው የሚገባው ነገር ቢኖር ይህ ነበር።

ስለ ገንዘብ ማስረጃም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በወጣው ተመን ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው 19,001 የካናዳ ዶላር ነበር፤ መጠኑ በየዓመቱ ይለወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ለሚቆጥብ ሰው ይህ መጠን በጣም ከብዷል። ቢሮው «ለማሳየት የሚያበድር ሰው አለን» ብሎኝ ነበር። የባንኩ ደብዳቤ ግን የዕለቱን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ቀሪ ሒሳብና ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀን ጭምር መያዝ አለበት፤ ገንዘቡም ከሌላ ሰው የተበደሩት መሆን የለበትም። ትናንት ገብቶ ነገ የሚወጣ ገንዘብ በዚያ ደብዳቤ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ከክፍያዎቹ ውስጥ በግልጽ ልቃወመው የሚገባኝ አንድ አለ። በደረሰኙ ላይ «ለካናዳ መንግሥት ፕሮፋይል መክፈቻ» የሚል መስመር ሰፍሯል። ፕሮፋይል መክፈት ነጻ ነው። ለካናዳ መንግሥት ገንዘብ የሚከፈለው ግብዣ ከመጣ በኋላ፣ ሙሉ ማመልከቻው በ60 ቀን ውስጥ ሲገባ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ተመን ለአንድ አዋቂ 950 ዶላር የማመልከቻና 575 ዶላር የቋሚ ነዋሪነት መብት ክፍያ ነበር። ከግብዣ በፊት በካናዳ መንግሥት ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሮ ካለ በሩን ዘግቶ መውጣት ይሻላል። እነዚያ 60 ቀናት አጭር ስለሆኑም የፖሊስ ማስረጃን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ በተለይ ባለፉት አሥር ዓመታት በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በሌላ አገር ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ከዚያ አገር ማስረጃ ማምጣት ስለሚኖርበት፣ ግብዣ ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት መንገዱን ማወቅ አለበት።

የካናዳ መንግሥት የነጥብ ማስያ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብቻ የቀረበ ቢሆንም፣ ከሦስቱ አገልግሎቶች ሁሉ በጣም የተጠቀምኩበት እሱ ነው። ውጤትን እየለዋወጡ «ጽሑፉን 7 ባደርገውስ? ባለቤቴ ብትፈተንስ?» እያሉ መሞከር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ ወዲያው ያሳያል። አንድ ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ያደረግነው ሙከራ ከአራት ወር የቢሮ ምልልስ የበለጠ አስተምሮናል። ድክመቱ ሰንጠረዡን እንጂ ስልቱን አለመናገሩ ነው፤ «የአጎት ልጅ ወንድም አይደለም» ብሎ አይመልስም፣ ደብዳቤህን አያነብም። ለዚህ ነው ከማስያው በኋላ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር አንድ ሰዓት መነጋገር ዋጋ አለው የምለው። የምክክሩ ጉድለት ደግሞ ውድ መሆኑ፣ ሰዓቱ ቶሎ ማለቁና ካልጋሪ በሰኔ ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ በመሆኗ ቀጠሮው ለእኛ እኩለ ሌሊት አካባቢ መዋሉ ነበር። ጥያቄዎቻችንን አስቀድመን ጽፈን ባንገባ ኖሮ ግማሹ ሰዓት በማስረዳት ያልቅ ነበር።

በነሐሴ ደግሜ ተፈተንኩ፤ በማዳመጥ 8፣ በንባብ 7.5፣ በጽሑፍ 7፣ በንግግር 7 አገኘሁ። ለጽሑፉ የተዘጋጀሁት በየሁለት ቀኑ አንድ ደብዳቤና አንድ ድርሰት በሰዓት እየጻፍኩ፣ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ጓደኛዬ በማሳረም ነው፤ የጄኔራሉ ፈተና ደብዳቤ መጻፍን ስለሚጨምር አካዳሚኩን የተለማመደ ሰው ይህን ክፍል ለብቻው ሊያጠናው ይገባል። ባለቤቴም ጄኔራሉን ወስዳ በአራቱም ሲኤልቢ 8 አመጣች፤ የዲግሪዋ ግምገማም ደረሰ። በልደቴ የጠፋው 5 ተቀንሶ እንኳ ነጥቤ ከ347 ወደ 432 ከፍ ብሏል። በእሷ ስም የከፈትነው ሁለተኛ ፕሮፋይል 368 ላይ ነው፤ እሷም እንደ እኔ ወደ ሲኤልቢ 9 ብትደርስ 433 ይሆናል።

ይህ ለግብዣ ገና አይበቃም፤ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። የቅርብ ጊዜዎቹ ዙሮች በአብዛኛው የተደረጉት በካናዳ ሠርተው ልምድ ላካበቱ፣ በክፍለ ግዛቶች ለተመረጡ፣ እንዲሁም በሙያና በፈረንሳይኛ ምድብ ውስጥ ላሉ ነው። የክፍለ ግዛት ምርጫ 600 ነጥብ ስለሚያስጨምር ያገኘ ሰው ግብዣው በእጁ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ መስፈርት ስላለው የእኛን ሙያ የሚፈልገውን በየጊዜው መከታተል ይጠይቃል። ፈረንሳይኛ ግን በእጃችን ያለ መንገድ ነው። በአራቱም ክፍል በፈረንሳይኛው መለኪያ ደረጃ 7 የደረሰና እንግሊዝኛም ያለው ሰው 50 ተጨማሪ፣ ለሁለተኛ ቋንቋነቱም 12፣ በድምሩ 62 ነጥብ ያገኛል፤ የእኔ 432 ወደ 494 ይወጣል ማለት ነው። ከዚያም በላይ በፈረንሳይኛ ምድብ ይወዳደራል፤ በዚያ ምድብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ የተላከው ግብዣ እስከ 336 ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ከሌሎቹ ዙሮች ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። ደረጃ 7 በሁለት ወር የሚደረስበት አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ትጋት ይጠይቃል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ እኔና ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እየተማርን ነው። እሷ ከእኔ ትፈጥናለች፤ እሷ በቅድሚያ ብትደርስ ዋና አመልካች እሷ ትሆናለች።

ወደ ቢሮው ስመለስ፣ ለአገልግሎቱ ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ሰነድ ላደራጀችልን ወጣት ሠራተኛ ናቸው። ግብዣ በእጁ የያዘ፣ ነጥቡን ራሱ ያሰላ፣ ሰነዱን በሥርዓት ስካን አድርጎ የሚያስተካክልለት ብቻ የሚፈልግ ሰው በተመጣጣኝ ዋጋ ቢጠቀምበት አልቃወምም፤ የይለፍ ቃሉን ግን በራሱ እጅ ያድርግ፤ ከመላኩ በፊትም እያንዳንዱን ገጽ ያንብብ። ነጥቡን ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ግን አልመክረውም። በሰኔ መጨረሻ ውሉን ለማቋረጥ በጽሑፍ ስጠይቅ፣ ከተወሰነ ክርክር በኋላ ከ85,000 ብሩ 30,000 ተመልሶልኛል። በዚያ ገንዘብ የሁለታችንን የፈረንሳይኛ ትምህርት የመጀመሪያ ክፍያ ከፍለናል።